የጠረጴዛ ጦርነት ሞዴሎችን ቀይሮ ማሰለፍ፦ ጅማ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ የሳይንስ ልቦለድ ጦር ጠረጴዛ ላይ እየደረደርን የምንጫወት ሰዎች ብዙ አይደለንም፤ የምንጠየቀው ጥያቄ ግን ብዙ ነው። ከታች ያሉት ደጋግመው የሚመጡት ናቸው። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከዋርሃመር 40,000 ናቸው፣ ሰው በብዛት የሚያውቀው እሱን ስለሆነ። ሌላ ጨዋታ የምትጫወቱ ከሆነም የሙጫውና የቀለሙ ጣጣ ያው ነው።

ልጄ ማታ ማታ ፕላስቲክ እየቆረጠ ያመሻል። ይህ ነገር ምንድን ነው?

ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው የትንንሽ ወታደር፣ የጭራቅና የተሽከርካሪ ጦር ይዘው ጠረጴዛ ላይ የሚገጥሙበት ጨዋታ ነው። የእርምጃው ርቀት በኢንች ይለካል፤ መምታትና መሳት በዳይስ ይወሰናል። ዋርሃመር 40,000 መጀመሪያ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። አሳታሚው ጌምስ ወርክሾፕ መቀመጫው እንግሊዝ፣ ኖቲንግሃም ነው። ሞዴሎቹ ተገጣጥመው አይመጡም፤ ክንድ፣ ራስ፣ መሣሪያ እየተለየ ከፕላስቲክ ፍሬም ጋር ተያይዞ ነው የሚሸጠው። ቆርጦ፣ አጣብቆ፣ ቀብቶ ለጠረጴዛ የሚያበቃው ገዢው ነው።

ኮንቨርሽን የምንለው ፋብሪካው ያሰበውን ትቶ የራስን መሥራት ነው፦ የአንዱን ራስ ለሌላው መግጠም፣ ክንድ አጥፎ ማዞር፣ ያልነበረ ልብስ ማልበስ፣ ከሁለት ሣጥን አንድ ፍጥረት ማውጣት። ዳይስ ስላዩ ብቻ «ቁማር ነው» የሚሉ ወላጆች አሉ። ብር አይያዝበትም። ይልቅ የምትጠነቀቁለት ነገር ከተሩ ነው፤ ምላጩ ሁልጊዜ ከጣት ወደ ውጭ ይሂድ፤ የደነዘዘ ምላጭ ስለሚንሸራተት ከተሳለው ይልቅ ጣት ይቆርጣል።

አቅሜ ለሙሉ ጦር አይደርስም። ከምን ልጀምር?

ከትንሹ። ኪል ቲም የሚባለው አነስተኛ ጨዋታ ለአንድ ወገን በአብዛኛው ደርዘን ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ሞዴል ይበቃዋል። ሜዳው 30 በ22 ኢንች፣ ማለትም 76 በ56 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የሳሎን ጠረጴዛ ይችለዋል። ከዚያ ከፍ የሚለው ኮምባት ፓትሮል የሚባለው ነው፣ 44 በ30 ኢንች (112 በ76 ሴንቲ)። የ2,000 ነጥቡ ሙሉ ጦርነት (የጦር መጠን የሚለካው በነጥብ ነው) ግን 44 በ60 ኢንች (112 በ152 ሴንቲ) ይጠይቃል። ለሱ አንድ ሉህ ኮምፔርሳቶ ገዝቶ አናጺ ቤት ማስቆረጥ ነው የሚሻለው፤ አልጋ ላይም ጠረጴዛ ላይም ተደርቦ ይቀመጣል።

ከመቁረጥ በፊት ዝርዝር ጻፉ። ይህን የምለው ብዙ ሰው ደስ ያለውን ሠርቶ ሲጨርስ የሠራው ጦር ሕግ ላይ የማይቆም ሆኖ ስለሚያገኘው ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው 10ኛ እትም አንድ ዓይነት ጓድ (አብሮ የሚንቀሳቀስ የሞዴሎች ቡድን) ከሦስት በላይ ማሰለፍ አይፈቀድም። ባትልላይን ተብለው የተመደቡት ተራ ወታደሮችና መደበኛ ማጓጓዣዎች ብቻ እስከ ስድስት ይደርሳሉ። ጦሩን የሚመራው አለቃ ደግሞ ካራክተር ከሚባሉት መሪዎችና ጀግኖች መሆን አለበት። የዚያ እትም መሠረታዊ ሕግ በነፃ የሚወርድ ስለነበር መጽሐፍ ሳይገዙ ማንበብ ይቻል ነበር። ሕጉ እንግሊዝኛ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ግን ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀልን ነው የምንከራከረው፣ ይህም ለአዲስ ሰው መግቢያውን ያቀልለታል።

ዋን ፔጅ ሩልስ የተባለው አታሚ ያወጣው ግሪምዳርክ ፊውቸርም አለ። መሠረታዊ ሕጉ ነፃ ነው፤ ሞዴሉ የየትኛው ድርጅት እንደሆነ አይጠይቅም። ሁሉንም ነገር ከቁርጥራጭ ለሚሠራ ሰው እኔ ከሱ እንዲጀምር እመክራለሁ።

ተጋጣሚዬ «ይህን ሞዴል አላውቀውም፣ አልጫወትም» ቢለኝስ?

ኮንቨርሽን ላይ ዋናው ጥያቄ ይህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ተጋጣሚያችሁ ከጠረጴዛው ማዶ ቆሞ፣ ሳይጠይቃችሁ፣ «ያ እሳት የሚተፋው ነው፣ ያ ደግሞ አለቃው ነው» ማለት መቻል አለበት። ይህ ከተሟላ ቀንድ አበጃችሁ፣ ጋቢ አለበሳችሁ፣ ሐምራዊ ቀባችሁ፣ የናንተ ጉዳይ ነው። እንዲሟላ የሚያደርጉት ደግሞ ቤዙ፣ ቁመቱና መሣሪያው ናቸው።

ቤዝ ማለት ሞዴሉ የቆመበት ክብ ነው። ርቀት ሁሉ የሚለካው ከሱ ጠርዝ ነው። በ10ኛው እትም በጨበጣ ለመግጠም ጠላት በ1 ኢንች ውስጥ መገኘት አለበት፤ የአንድ ጓድ ሞዴሎች ከጓደኛቸው ከ2 ኢንች በላይ መራቅ አይችሉም፤ ጓዱ 7 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ለሁለት ጓደኞች መቅረብ አለበት። ቤዙን ስታሳንሱ በጠባብ ቦታ ብዙ ሰው ታጭቃላችሁ፤ ስታተልቁ መንገድ ትዘጋላችሁ። ሁለቱም የሕግ ለውጥ ነው። ዛሬ የሚሸጠው ተራ ስፔስ ማሪን (ጋሻ የለበሰው ግዙፍ ወታደር) 32 ሚሊ ሜትር ላይ ይቆማል፣ ተርሚኔተር የሚባለው ከባድ ጋሻ ለባሽ 40 ላይ። እናንተ የሠራችሁት በማን ምትክ ከቆመ የዚያን ቤዝ ይያዝ።

ቁመት የሚያሳስበው እይታ በዓይን ስለሚለካ ነው። ጎንበስ ብላችሁ ከተኳሹ ጀርባ ስታዩ የሞዴሉ ማንኛውም ክፍል ከታየ ሊተኮስበት ይችላል። ስለዚህ ቁመቱ ሙሉ የሆነውን ጭራቅ መሬት ላይ አስተኝቶ መሥራት ከግንብ ጀርባ ይደብቀዋል። ቆንጆ ሊሆን ይችላል፤ ፍትሐዊ ግን አይደለም። በተቃራኒው አለቃን ትልቅ ድንጋይ ላይ ማቆም የሚጎዳው ባለቤቱን ነውና ማንም አይቆጣም። እኛ ጋ አንድ ቀላል ልማድ አለ፦ የሚያከራክር ሞዴል ሲመጣ የዋናውን ቁመት የሚያህል ስቴኪኒ ቆርጠን ቤዙ አጠገብ እናስቀምጣለን። እይታው የሚለካው በስቴኪኒው ነው፤ ክርክሩም እዚያው ያልቃል።

መሣሪያ ደግሞ የተያዘው ነው የሚተኮሰው። ነበልባል የሚረጭ ቱቦ የያዘ ወታደር «እሱ እንኳ ፕላዝማ ነው» (ሌላ ዓይነት ጠመንጃ ነው) ሲባል አንድ ጊዜ ይታለፋል። ግማሹ ጦር እንደዚያ ሲሆን ግን ተጋጣሚው እየተጫወተ ሳይሆን እየሸመደደ ነው። የራሳችሁን መሣሪያ ከፈጠራችሁ በጦሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ይሁን፤ ከእስክሪቢቶ ቀፎ የሠራችሁት ቱቦ በአንዱ ጓድ ፕላዝማ፣ በሌላው ሚሳይል አይሁን።

ውጭ አገር ሄዶ መወዳደር ለሚያስብ፦ ጌምስ ወርክሾፕ ራሱ የሚያዘጋጃቸው ውድድሮች የራሱን ሞዴል ብቻ ነው የሚቀበሉት። ሌሎች አዘጋጆች የየራሳቸው ደንብ አላቸው፤ አስቀድሞ ፎቶ ልኮ መጠየቅ የተለመደ ነው።

ቤዝ ከየት ይገኛል?

የለስላሳ ቆርኪ። ሳይጣመም የተከፈተ ቆርኪ ሰፊው ጎኑ ወደ 32 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ ለስፔስ ማሪንና ኦርክ ለሚባለው አረንጓዴ ፍጥረት የሚሆን ነው። ጠባቡን ፊት ወደ ላይ አድርጋችሁ አትጠቀሙበት፤ ቤዙ ከፍ ብሎ ያስጠላል። ሆዱን ወደ ላይ ገልብጣችሁ በካርቶንና በኮላ ሙሉትና ጥርሱን በሞረድ አስተካክሉት። ለ25 እና ለ40 ሚሊ ቤዝ፣ ማስታወቂያ የሚሠሩ ቤቶች አክሪሊክ ሲቆርጡ የሚተርፋቸው ቁራጭ አለ፤ ውፍረቱ 3 ሚሊ የሆነ ነገር ይበቃል። ትርፉን ለመስጠት ብዙ አይሰስቱም።

የትኛው ማጣበቂያ ነው የሚሻለው? ሱፐር ግሉ ሁሉን አይችልም?

አይችልም። መጀመሪያ ዕቃው ምን እንደሆነ ለዩ።

የዋርሃመር ሞዴሎች በብዛት ጠንካራ ፖሊስታይሪን ናቸው። ለነሱ የተሠራው የፕላስቲክ ሙጫ አያጣብቅም ብንል ይቀላል፤ ሁለቱን ወገን አቅልጦ ያዋህዳቸዋል። ሲደርቅ መጋጠሚያው አንድ ፕላስቲክ ነው፤ ቢወድቅም ሌላ ቦታ ይሰበራል እንጂ እዚያ አይለቅም። ነገር ግን ብረት ላይ፣ ሬዚን ላይ፣ በ3ዲ የታተመ ላይ ምንም አይሠራም። ለእነዚህ ሱፐር ግሉ ነው። ሱፐር ግሉ ሲጎትቱት ጠንካራ ነው፣ ሲመታ ግን ይነቀላል፤ ስለዚህ ከባድ ክንድና ክንፍ በሽቦ ይደገፍ። በ1 ሚሊ ፑንታ ሁለቱን ጎን ብሱ፣ የወረቀት ክሊፕ ቁራጭ አስገቡ፣ ከዚያ አጣብቁ። ትልቅ ትራፓኖ አያስፈልግም፤ ፑንታውን በጣት እያሽከረከሩ መብሳት ይቻላል፤ ቀዳዳውም ሳይሸሽ ይወጣል።

ሱፐር ግሉ የሚደርቀው በአየር ውስጥ ባለው እርጥበት ነው። ጅማ ላይ በክረምት ቶሎ ይይዛል፤ ጥሩ ዜና ይመስላል፣ ግን መጋጠሚያው ዙሪያ ነጭ ዱቄት ይተዋል። በትንሹ ጠብ አድርጉ፣ ሞዴሉን በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ሳይሆን አየር በሚያገኝበት አድርቁ። ነጩ ከመጣም ቀለም ይሸፍነዋል።

ክፍተት ለመሙላት ሁለት ርካሽ ዘዴዎች አሉ። ሱፐር ግሉ ላይ ቤኪንግ ሶዳ ቢነሰነስ ወዲያው ድንጋይ ይሆናል፤ ሲይዝ ስለሚሞቅ በጣት አትንኩት። ሁለተኛው የተረፈውን ፍሬም እንደ ሩዝ አድቅቆ የፕላስቲክ ሙጫ ጠርሙስ ውስጥ መጨመር ነው፤ በማግስቱ ወፍራም ፈሳሽ ፕላስቲክ ይሆናል። ስንጥቅ ላይ ቀብታችሁ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ስትሞርዱት መጋጠሚያው አይገኝም። ስለዚህ ፍሬም አትጣሉ።

መርካቶ የሚሸጡት የፕላስቲክ ወታደሮች ይሆናሉ?

እነዚያ አረንጓዴዎቹ? አይሆኑም፣ በሁለት ምክንያት። አንደኛ ብዙዎቹ ወደ 54 ሚሊ ሜትር የሚቆሙ ናቸው፤ የኛ ሰው ወደ 28 ነው። አጠገብ ለአጠገብ ሲቆሙ አንዱ የሌላው አባት ይመስላል። ሁለተኛ የተሠሩበት ለስላሳ ፖሊኢቲሊን ነው፤ ሙጫ አይዘውም፣ ቀለምም ሲታጠፍ ይቀረፋል። እንደ ሐውልት ግን ያምራሉ፦ አንዱን በድንጋይ ቀለም ቀብታችሁ ሜዳው መሐል አቁሙት።

የአሻንጉሊት መኪና ሌላ ነገር ነው። ሥሩ ላይ 1፡43 ወይም 1፡50 የተጻፈበት (ከእውነተኛው 43 ወይም 50 ጊዜ ያነሰ ማለት ነው) ከኛ ሰው ጋር ይመጣጠናል። 1፡64 የሆኑት ትንንሾቹ ለጎማ፣ ለሞተርና ለጭስ ማውጫ ይታረዱ።

ባጃጅ መሥራት እፈልጋለሁ። ለየትኛው ጦር ይሆናል?

ለኦርክ፣ ያለ ጥርጥር። ኦርኮች በጨዋታው ታሪክ ውስጥ ያገኙትን ብረት ሁሉ ቀጥቅጠው መኪና የሚያደርጉ አረንጓዴ ፍጥረቶች ናቸው፤ ቀይ የተቀባ መኪና ይበልጥ ይፈጥናል ብለውም ያምናሉ። (ጅማ ውስጥ ከአጂፕ እስከ መርካቶ ሲበሩ የምናያቸው ሾፌሮችም ይህን የሚያምኑ ይመስለኛል።) እውነተኛው ባጃጅ ርዝመቱ ወደ 2.6 ሜትር ነው፤ በኛ ሞዴሎች ልክ፣ በ1፡56 ሲሰላ ከ5 ሴንቲ ትንሽ ያነሰ ይሆናል። ኦርክ ከሰው ስለሚገዝፍ 7 ወይም 8 ሴንቲ የሆነ አሻንጉሊት ቢሆንም አይከፋም። ጣሪያውን አንሡት፤ ከኋላ ወንበሩ ላይ መትረየስ ትከሉ። መከላከያ ብረቱን ከለስላሳ ጣሳ ቁረጡ፤ ጣሳ በመቀስ ይቆረጣል፣ በእስክሪቢቶ ጫፍ ከጀርባው ስትጫኑትም የብሎን ራስ ያወጣል። ጠርዙ እጅ ስለሚቆርጥ አጥፉት። በየትኛው ተሽከርካሪ ምትክ እንደምታሰልፉት አስቀድማችሁ ወስኑና የዚያን ቤዝ ስጡት።

ጋቢ የለበሰ ወታደር እንዴት ይሠራል?

በሶፍት ነው። ሶፍቱን ድርቡን ለዩና አንዱን ገጽ ብቻ ያዙ። በ2 ሴንቲ ስፋት ቀዳችሁ (በመቀስ አትቁረጡ፤ የተቀደደ ጠርዝ እንደ ጨርቅ ይወድቃል) ሞዴሉ ትከሻ ላይ ደረቁን አስቀምጡ። ኮላ ከእኩል ውኃ ጋር በጥብጡና በብሩሽ ከላይ ጠብ እያደረጋችሁ አርጥቡት። መግፋት የለም፤ ብሩሹ ከተጫነ ይበጠሳል። ሲርስ ራሱ ይወርዳል፤ ያኔ በስቴኪኒ ጫፍ እጥፋቱን ከትከሻ ወደ ታች አስምሩ።

እዚህ ላይ ዓይን ያስፈልጋል። ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ እጥፋቱ ወፍራምና ክብ ነው እንጂ ስለታም አይደለም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሲደርቅ ሁለተኛ ገጽ ደርቡበት፤ በአንድ ገጽ ከቀረ ነጠላ ይመስላል። አንዱን ጫፍ በግራ ትከሻ ላይ ወደ ኋላ ጣሉት፣ ቀኝ ክንድና መሣሪያው ነፃ ይሁኑ። ካደረ በኋላ ካርቶን ያህል ይጠነክራል። ሲቀባ ንጹሕ ነጭ አትጠቀሙ፤ መጀመሪያ ፈዛዛ ቡናማ፣ ከዚያ እጥፋቱ አናት ላይ ብቻ የወተት ቀለም። ንጹሕ ነጩን ለመጨረሻዋ ጠርዝ አቆዩ።

ለዚህ በጣም የሚስማማው የኢምፔሪያል ጋርድ ሰው ወታደር ነው። ስፔስ ማሪን ትከሻው ስለሚሰፋ ጋቢው ፎጣ ይመስላል፣ ቢቀርበት ይሻላል።

ግሪን ስታፍ ካላገኘሁ የቧንቧ ኤፖክሲ ወይም የመኪና ስቱኮ ይሠራል?

ግሪን ስታፍ ሰማያዊና ቢጫው እኩል ተለውሶ አረንጓዴ የሚሆን ኤፖክሲ ነው። ከአንድ ሰዓት በላይ ይለሰልሳል፣ በማግስቱ ይጠነክራል። ሰማያዊው ከበዛ ይጠጥራል፣ ቢጫው ከበዛ እንደ ጎማ ይሆናል። ጣትና መሣሪያ ውኃ መንካት አለበት፣ አለዚያ ይጣበቃል። ፀጉርና ጅማት የመሰለ ቀጭን ነገር የሚወጣው ከሱ ነው።

የቧንቧው ኤፖክሲ ሻካራ ነው፤ ብዙው ዓይነት በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚይዝ ፊት ለመቅረጽ ጊዜ አይሰጥም። ለአካል ውስጠኛ ክፍል፣ ለድንጋይ፣ ለጭራቅ ጀርባ ግን ግሩም ነው፤ ደርቆ በሞረድና በትራፓኖ ይሠራል። የመኪና ስቱኮን ለሞዴል አልመክርም፦ ውስጡ ያለው ማሟሟያ ፖሊስታይሪን ይበላል፣ ሽታውም ለዝግ ቤት አይሆንም።

መሣሪያ የሚቀያየር እንዲሆን ማግኔት ከየት ይመጣል?

የተበላሸ ኢርፎን ፍቱ። ውስጡ ካለችው ትንሽ ድምፅ ማጉያ ጀርባ ጠንካራ ማግኔት አለች። ስልክ ጠጋኞች ጋ እንዲህ ያለ ቅራቅንቦ ሞልቷል። ትከሻውን በማግኔቷ ልክ ብሱ፣ አንዷን ቅበሩ፣ ሌላዋን ክንዱ ላይ ከማጣበቃችሁ በፊት ግን በሚሳሳቡበት ወገን አገናኝታችሁ ውጫዊውን ፊት በማርከር ቀለም ቀቡ። በጦሩ ሁሉ አካል ላይ ያለው አንድ ዋልታ፣ ክንድ ላይ ያለው ሌላው ከሆነ የአንዱ ክንድ ለሁሉም ይሆናል። ማግኔት የሚውጥ ሕፃን ቤት ውስጥ ካለ ይህን ሥራ ተዉት፤ ሁለት ከተዋጡ አንጀት መሐል ይጣበቃሉ፣ ቀልድ አይደለም።

በክረምት ስፕሬይ ስነፋ ሞዴሉ አሸዋ ይመስላል። ለምን?

እርጥበት ነው። ጅማ ከሰኔ እስከ መስከረም አየሩ ራሱ እርጥብ ነው፤ የሚረጨው ቀለም ሞዴሉ ላይ ሳይደርስ ይዘበራረቅና ዱቄት ሆኖ ያርፋል። ዝናብ ካቆመ በኋላ ወዲያው አትንፉ። ፀሐይ የወጣችበትን የቀትር ሰዓት ጠብቁ፤ ቆርቆሮውን አስቀድማችሁ በደንብ ናጡ፤ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ርቀት በአጭር በአጭሩ። ከክረምቱ ጋር መታገል የሰለቸው በብሩሽ የሚቀባ ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ) ይጠቀም፤ ይዘገያል እንጂ አያበላሽም።

የብረታ ብረት መደብር ስፕሬይ ለበርና ለመስኮት የተሠራ ነው፤ አንዳንዱ ፕላስቲክ ያቀልጣል። መጀመሪያ ፍሬም ላይ ሞክሩ። ፎም ላይ ግን አትሞክሩ፤ ዓይናችሁ እያየ ይጠፋል። ቲነርና አሴቶንም ወደ ሞዴል አይጠጉ። የተቀባ አክሪሊክ ማስለቀቅ ከፈለጋችሁ በአልኮል አርሳችሁ በጥርስ ብሩሽ ፈትጉ።

የቤት ግድግዳ ፕላስቲክ ቀለም ለሜዳው ይሁን፤ ለሞዴል ወፍራም ስለሆነ ፊትን ይደፍናል።

ቤዝ ላይ የቡና ገለባና አተላ መጠቀም ይቻላል?

ጅማ ተቀምጦ ይህን አለመጠቀም ኃጢአት ነው። ገለባው ሲሰባበር የደረቀ ቅጠል ይመስላል፤ አተላው ጥቁር የጫካ አፈር ነው። ግን ሁለቱም ይሻግታሉ። አተላውን ቀጭን አድርጋችሁ ፀሐይ ላይ አስጡ፣ ከዚያ በዝግ እሳት ምጣድ ላይ እያማሰላችሁ እስኪፈረፈር አድርቁ። ቤዙን ኮላ ቀብታችሁ ነስንሱ፣ ሲይዝ ደግሞ በውኃ በቀጠነ ኮላ ከላይ አጥቡት። ይህ ሁለተኛው ዙር ከቀረ ክረምቱ ሲመጣ ጦራችሁ ነጭ ፀጉር ያበቅላል።

ቀይ አፈራችን ራሱ ቀለም አያስፈልገውም። በሻይ ማጥለያ ነፍታችሁ ምጣድ ላይ አድርቁት፤ ከአረንጓዴ ጋሻ ጋር ሲታይ ሌላ ቦታ የማይገኝ ጦር ያደርጋችኋል። የእንጨት ሥራ ቤቶች ሰጋቱራም ተቀብቶ ሣር ይሆናል፤ ነፍታችሁ ደቃቁን ብቻ ውሰዱ።

ሜዳውን የጅማ ማስመሰል ይቻላል?

ይቻላል፣ በልኩ። ጅሬን ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የእንጨት በረንዳ ለፈረሰ ሕንፃ ጥሩ መነሻ ነው፤ በአይስክሬም እንጨትና በስቴኪኒ ይሠራል። በሩ ወደ 4 ሴንቲ ይቁም፣ ቤዝ ላይ የቆመ ሞዴል እንዲያልፍበት። ባለሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ በዚህ ልክ ቁመቱ 8 ሚሊ ገደማ ነው፤ ለኦርክ አለቃ ዙፋን፣ ወይም 40 ሚሊው የዓላማ ምልክት (ሁለቱ ወገን ለነጥብ የሚሻሙበት ክብ) ላይ ተቀምጦ የሚፋለሙበት ነገር ይሆናል። በ10ኛው እትም ምልክቱን የሚቆጣጠረው በ3 ኢንች ውስጥ የቆመ ነው፤ በርጩማ ቢሆንም አይቀመጡበትም። መስጊድና ቤተ ክርስቲያን አፍርሳችሁ አትሥሩ። ሕግ ሆኖ አይደለም፤ ጠረጴዛውን ከበው የሚያዩት ጎረቤቶች ናቸው።

በ3ዲ የታተመ ሞዴልስ?

ንድፉ የራሳችሁ ወይም በፈቃድ የተገዛ ከሆነ እኛ ጋ ማንም አይከለክልም። የሌላውን ሞዴል ስካን አድርጎ ማባዛት ግን መቅዳት ነው። በክር የሚያትመው ማሽን መስመር ስለሚተው ለሜዳና ለተሽከርካሪ ይሁን፤ ለፊትና ለጣት የሬዚኑ ይሻላል። ያልደረቀ ሬዚን ቆዳ ያስቆጣል፤ ያለ ጓንት አይነካም፣ ወጥ ቤት ውስጥም አይታተምም። ሲሞረድ በውኃ እየረጠበ፣ አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ።

ሳይቀባ ማሰለፍ ነውር ነው?

ነውር አይደለም፤ ነጥብ ግን ያስቀራል። በ10ኛው እትም የውድድር አሠራር ሙሉ ጦሩ ተቀብቶ ቤዙም ተሠርቶ ከቀረበ ከ100 ነጥብ 10 በዚያ ብቻ ይገኛል። ለኮንቨርሽን ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፦ ከአራት ሣጥን የተሰበሰበ አካል አንድ ፍጥረት የሚመስለው ቀለም ሲያርፍበት ነው። ሦስት ቀለም መርጣችሁ በሁሉም ላይ ድገሙ። ጓዶቹን ለመለየት የትከሻ ወይም የቤዝ ጠርዝ ቀለም ቀይሩ፤ ሁለት አሥር አሥር ሰው ሲቀላቀል ማን የማን እንደነበር ተጋጣሚያችሁም እናንተም አትጣሉበትም።

ወደ አዲስ አበባ ይዤ ስሄድ እንዳይሰበር ምን ላድርግ?

መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በስፖንጅ የታጨቀ ቀጭን ክንድ ያን ሁሉ ሰዓት እየታሸ አይደርስም። የብስኩት ቆርቆሮ ፈልጉ። በየቤዙ ሥር ማግኔት አጣብቁና ሞዴሎቹን ቆርቆሮው ወለል ላይ አቁሟቸው፤ ቢገለበጥም አይነቃነቁም። ቆርቆሮው ማግኔት መያዙን ስትገዙ ሞክሩት፣ አሉሚኒየም የሆነ አለና። የሚነቀሉትን ክንዶችና ሰንደቆች ለብቻ በጥጥ ጠቅልሉ። አውቶቡስ ላይ ከላይ አታስጭኑ፣ እግር ሥርም አታድርጉ፤ ጭን ላይ ነው ቦታው። ሱፐር ግሉውን ደግሞ ከሞዴሎቹ ጋር ሳይሆን በላስቲክ አስራችሁ በሌላ ቦርሳ።